ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ሽቦው ግን ይነሳልን!

"ራሱ ነው የገባበት!"

ይህችን አባባል ፈረስ ከሚያከራይ ወይም ፈረስ ከሚያረባ ሰው አፍ ሳትሰሟት አትቀሩም። ፈረሱ ደረቱ ተተልትሎ፣ የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተገሽልጦ እያነከሰ ቆሟል። ባለቤቱ እጁን ኪሱ ከትቶ "ራሱ ነው የገባበት" ይላል። ሽቦውን ማን ዘረጋው? ለምንስ እዚያ ዘረጋው? ለሚለው ጥያቄ መልስ የለም። ሲያወሩት እኮ ሽቦው ከሰማይ የወረደ፣ ፈረሱም ኑሮ መርሮት ራሱን ሊያጠፋ የሄደ ነው የሚመስለው።

የዛሬው ጠቤ ከዚህች አባባል ጋር ነው። ፈረሱ አልገባበትም፤ እኛ ነን ያስገባነው። እሾህ ሽቦ የፈረስ አጥር ሆኖ አያውቅም፣ አይሆንምም። ፈረስን በእሾህ ሽቦ አጥሮ የሚያሳድር ሰው የሚደርሰውን ነገር "አደጋ" ብሎ ሊጠራው አይገባም። ቀኑን አላወቀም እንጂ ነገሩን ያዘጋጀው ራሱ ነው።

"በዚህ ኑሮ ውድነት የፈረስ አጥር ምን አስጨነቀህ?" የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፤ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ግን እስቲ አስቡት። ኢትዮጵያ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም አገር ናት፤ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለን። ብዙው ጋሪ ይጎትታል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ሰው ያደርሳል፤ ባጭሩ ቤተሰብ ያበላል። ፈረሱ እግሩን ሲቆረጥ የሚቆረጠው የዚያ ቤት እንጀራ ነው። የከተማው ወጣት ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ፈረስ እየተከራየ መጋለብ ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የገበሬው ብቻ አይደለም። ገንዘቡን የምንከፍለው እኛ ነን።

ፈረስ ላም አይደለም

የስህተቱ ሁሉ ሥር ይህ ነው። "ለላም የሆነ ለፈረስ ምን ያንሰዋል?" ይባላል። ያንሰዋል!

ላም እሾህ ሲወጋት ቆም ብላ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። ቆዳዋም ወፍራም ነው። ፈረስ ሲፈራ የሚያውቀው መላ አንድ ነው፤ መሮጥ። ቀንድ የለው፣ ጥፍር የለው፤ ዘሩ እስከዛሬ የቆየው ከአውሬ ቀድሞ በመሮጡ ነው። አባቶች "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ማለታቸው ለጌጥ አይደለም። ሽቦ እግሩን ሲይዘው ቆሞ አያስብም፤ ይጎትታል። በጎተተ ቁጥር እሾሁ ይገባል፤ እሾሁ በገባ ቁጥር ይበልጥ ይጎትታል። ሲለቀው ቆዳውን እዚያው ትቶ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ነገር ዓይኑ ነው። የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ከሞላ ጎደል ዙሪያውን ያያል። የማያያት ቦታ ግን አለች፤ አንዷ ከኋላው፣ አንዷ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከአፍንጫው ሥር። በዚያ ላይ የዛገ ቀጭን ሽቦ ከሣሩም ከአፈሩም ጋር ይመሳሰላል። እየጋለበ ለሚመጣ ፈረስ ሽቦው የለም ማለት ይቀላል። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ይባል የለ? ፈረሱም ሳሩን ያያል፤ ገደሉን የምንሠራለት እኛ ነን።

ቀለም የሚያይበትም መንገድ ከእኛ ይለያል። ሰማያዊንና ቢጫን ይለያል፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ይምታቱበታል። እንግሊዞች ለዘመናት በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ የሚዘለሉ መሰናክሎችን ብርቱካናማ ሲቀቡ ኖሩ፤ ለሰው ዓይን ስለሚያበራ። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን ከፈረሱ ዓይን አንጻር ሲያጠኑት ለፈረሱ ነጭና ደማቅ ቢጫ በተሻለ እንደሚታዩት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2022 መሰናክሎቹን ወደ ነጭ መቀየር ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ጥያቄው "ለእኔ ይታየኛል ወይ?" መሆኑ ቀርቶ "ለእሱ ይታየዋል ወይ?" ሆነ። የእኛም ክርክር ይኸው ነው።

ሦስተኛው እግሩ ነው። የፈረስ የፊት እግር ከጉልበቱ በታች ሥጋ የሚባል ነገር የለውም፤ ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ነው። እዚያ ጋ የገባ እሾህ የሚያገኘው ጅማት ነው። ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ሲድንም ትርፍ ሥጋ እያበቀለ ያስቸግራል። ጅማቱ የተቆረጠ ፈረስ ደግሞ ከናካቴው ላይመለስ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ እንኳን መንጋጋ ቆልፍ አለ። ቴታነስ የሚያመጣው ተህዋስ አፈርና ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ ከቤት እንስሳት ሁሉ ደግሞ ለዚህ በሽታ የፈረስን ያህል የሚጋለጥ የለም። ትንሽ ጭረት ትበቃዋለች። ክትባት አለው፤ ግን የሽቦውን ወጪ የቆጠበ ሰው ክትባቱን ያስከትባል ብላችሁ ታምናላችሁ?

ይህ አጥር ለማን ተሠራ?

በባህላችን አጥር በዋናነት የሚታጠረው ለእህሉና ለጓሮው ነው። ከብቱ እህሉን እንዳይበላ፣ ጅቡም ሌባውም እንዳይገባ ግራርና አጋም እየተቆረጠ ይከመራል። ፈረሱ ግን በእረኛ ይጠበቃል፣ በገመድ ይታሰራል፣ ሲመሽ ጋጣ ይገባል። እሾሁ የተተከለው እንስሳውን ከውጭ ለማስቀረት ነበር። ዛሬ እረኛው ትምህርት ቤት ገባ (ይግባ!)፤ ሜዳው ተሸነሸነ፤ ፈረሱንም አጥር ውስጥ ማዋል ግድ ሆነ። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ለማስቀረት የተሠራውን እሾህ እንዳለ አንስተን እንስሳውን ውስጡ አስገባነው። አጥሩ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲዞር እሾሁም አብሮ መቅረት ነበረበት። አልቀረም።

ሽቦው ራሱ ምንም የተደበቀ ታሪክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1874 ጆሴፍ ግሊደን የተባለ የኢሊኖይ ገበሬ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያወጣበት ለእርሻ አጥር ነው። ገና ከጅምሩ "የሰይጣን ገመድ" የሚል ስም ወጣለት። ከብቱና ፈረሱ መቆራረጥ ሲጀምር አምራቾቹ ራሳቸው እንስሳው በቀላሉ እንዲያየው ብለው ጠፍጣፋ ብረትና እንጨት የተሰካበት ሽቦ ወደ መሥራት ገቡ። ከዚያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይኸው ሽቦ ከመትረየስ ጋር ተባብሮ የፈረሰኛ ጦርን ዘመን ለመዝጋት በቃ። እንግዲህ የፈረሰኛን ጦር ያስቆመ ዕቃ ነው እኛ ለፈረስ ማደሪያ የምንገዛው። ሻጩ አልዋሸንም፤ ስሙ ላይ እንኳን "እሾህ" ብሎ ጽፎልናል።

"ግን እኮ..." ለሚሉ

*"ይለምደዋል"* የሚሉ አሉ። ቀን ላይ ልክ ነው፤ ፈረስ ብልህ ነው፣ የሚውልበትን ቦታ ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው በፈራ ቀን ነው። በከተማችን ዳርቻ ጅብ ሌሊት ሌሊት እንደሚዞር የማያውቅ አለ? የነሐሴ መብረቅ፣ የቡሄ ጅራፍ፣ የበዓል ርችት፣ የጎረቤት ውሻ፣ ሁሉም ለፈረስ አንድ ናቸው። በዚያች ደቂቃ የለመደውን ሁሉ ይረሳል። አጥር የሚፈተነው በደህና ቀን ስላልሆነ "እስከዛሬ ምንም አልሆነም" ማለት ማስረጃ አይሆንም።

*"ሌባ አለ"* የሚሉም አሉ። ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። ፈረስ ይሰረቃል። ታዲያ ሌባውን ለመከልከል ፈረሱን መተልተል ምን ይሉታል? ሌባ መቁረጫ ይዞ ይመጣል፤ ፈረስ መቁረጫ የለውም። ለሌባው ያጠራችሁት ሽቦ መጀመሪያ የሚያገኘው ፈረሱን ነው። የግድ ከሆነ ሁለት አጥር ይሁን። የውጭው ለሰው፣ የውስጡ ለፈረስ፤ በመካከላቸው የፈረሱ አንገት የማይደርስበት፣ ከሁለት ሜትር ያላነሰ ክፍተት። ጅቡንም ቢሆን ሦስት መስመር ሽቦ አያስቆመውም፤ ከሥሩ ሾልኮ ይገባል። ጅብ የሚከለክለው ማታ ማታ የሚዘጋ ጋጣ ነው።

*"ቆርቆሮ ይሻላል"* የሚለው የከተሜ መልስ ነው። አዲስ አበባ ቆርቆሮ የማታጥረው ነገር የላትም። እርግጥ ቆርቆሮ ይታያል፤ ፈረሱ ሮጦ አይገባበትም። ግን የቆርቆሮ ጠርዝ ቢላዋ ነው። ፈረስ ይራገጣል፤ እግሩ ቆርቆሮውን በስቶ ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው የሚገሸለጠው። ከሥሩ የተገነጠለ ቆርቆሮ ደግሞ ከእሾህ ሽቦ አይሻልም። ጠርዙ በእንጨት ካልተሸፈነና ከውስጥ በኩል አግዳሚ ካልተመታለት ለፈረስ አይሆንም።

*"እንግዲያው ተክል እናጥራለን"* ለሚሉም አንድ ቃል አለኝ፤ ምን እንደምትተክሉ እዩ። ቅንጭብ ሲሰበር የሚያፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ያቃጥላል። የወፍ ቆሎ ከብት ይመርዛል። በየመንገዱ ዳር ለውበት የሚተከለው ኦሊያንደር ደግሞ ጥቂት ቅጠሉ ፈረስ ይገድላል። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ደግ አይደለም።

*"አቅም የለንም"* የሚለው የመጨረሻው ነው፤ እሱን በደንብ እንነጋገርበት።

አቅም ወይስ ልማድ?

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የፈረስ መጋለቢያ (ስሙን ልተወው) ያየሁት ነገር አለ። ግቢው በሩ ላይ በድንጋይ ያማረ ግንብ አለው፤ የእንግዳ መቀመጫው በባህር ዛፍ እንጨት ተጠርቦ ተሠርቷል፤ ፎቶ መነሻ ቦታ ተዘጋጅቷል። ፈረሶቹ የሚያድሩበት ሜዳ ግን በአራት መስመር እሾህ ሽቦ ታጥሯል፤ አንዱ መስመር ረግቦ መሬት ይጠርጋል። ደረቱ ላይ እንደ ካርታ የተሰመረ ጠባሳ ያለው ፈረስ ደግሞ ለኪራይ ተሰልፏል። ይህ የአቅም ማጣት ነው? እንጨቱ እዚያው ግቢ ነበረ። ለእንግዳ መቀመጫ ደረሰ፤ ለፈረሱ አልደረሰም።

ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ነው ወደዚህ አገር የገባው። ዛሬ አዲስ አበባን የከበባት እሱ ነው። ቋሚውም አግዳሚውም ከእሱ ይወጣል። ለፈረስ ከሚሆኑ አጥሮች ሁሉ የተመሰከረለት ደግሞ የእንጨት አጥር ነው፤ ይታያል፣ አይቆርጥም፣ ፈረስ ቢጋጨው ይሰበራል እንጂ አይጠመጠምም። ድንጋይ በሚበዛበት አገር ደግሞ ካብ አለ፤ አያቶቻችን ያለ ሲሚንቶ ደርድረው ያቆሙት ካብ እስከ ዛሬ ቆሟል። ይህን ሁሉ ይዘን ነው ከውጭ በመጣ እሾህ የምንከራከረው።

አሠራሩም ሮኬት ሳይንስ አይደለም። ሦስት ወይም አራት አግዳሚ ይበቃል። ከፍታው፣ በውጭ አገር ለሚረቡት ትልልቅ ፈረሶች ከ1.4 እስከ 1.5 ሜትር ይመከራል፤ የእኛ ፈረስ አነስ ስለሚል እኩል ባይደርስም ጉዳት የለውም፤ ላይኛው አግዳሚ ግን ከደረቱ በላይ መሆን አለበት። ለድንጉላ ከፍ ይደረጋል። ከሥር ያለው ክፍተት ኮቴ ገብቶ የማይቀረቀርበት፣ ውርንጭላ ተኝቶ ተንከባሎ የማይወጣበት ይሁን። አግዳሚው ከቋሚው በፈረሱ በኩል ይመታ፤ ፈረሱ ሲደገፈው ምስማሩ እንዳይነቀልና ቋሚው ትከሻውን እንዳይመታው። የወጣ ምስማር በመዶሻ ይደፈቅ። ማዕዘኑ ሹል ከሚሆን ክብ ቢደረግ ይመረጣል፤ ፈረሶች ሲባረሩ ደካማው የሚያዘው ጥግ ላይ ነው። በሩ ሰፊ ይሁን፤ መቀርቀሪያው ወደ ውስጥ የማይወጣ።

ሽቦ የግድ ነው ካላችሁ እሾህ የሌለው፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ሽቦ አለ። ቀዳዳው ኮቴ የማያስገባ፣ ላዩ ላይ ፈረሱ የሚያየው አንድ እንጨት የተጋደመበት ከሆነ ይሠራል። ሰፊ ነጭ ጥብጣብ ያለው የኤሌክትሪክ አጥርም በብዙ አገር ይሠራበታል፤ ንዝረቱ ያስደነግጣል እንጂ አያቆስልም። ለእኛ ግን አንድ ችግር አለበት፤ መብራት። መብራቱ ሲጠፋ አጥሩም አብሮ ይጠፋል። በባትሪ ወይም በፀሐይ የሚሠራ ካልሆነ አትመኩበት። እሾህ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ተጠምጥሞበት መውጣት ላቃተው ፈረስ ይህ ማሰቃየት ነው።

አሁን ወደ አቅም እንመለስ። እንጨት ከሽቦ ሊወደድ ይችላል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ በየጊዜው መተካት ይፈልጋል። ይህን የሚክድ የለም። ግን ሂሳቡን እስከ መጨረሻው አስሉት። የሐኪሙን፣ የመድኃኒቱን፣ ፈረሱ ቆሞ የሚበላባቸውን ወራት፣ ጋሪው የሚቆምበትን ቀን፣ በመጨረሻም ጅማቱ የተበጠሰ ፈረስ በምን ዋጋ እንደሚሸጥ ደምሩበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" የሚለውም ለዚህ ይሆናል፤ ሙሉውን ሜዳ በእንጨት ማጠር ያቃተው ሰው ጥቂቱን ያጥር፤ ሌሊት የሚያድርበትን ብቻ። ያም ካቃተ የረገበውን ሽቦ ይወጥር፣ የወደቀውን ያንሳ፣ ከውስጥ በኩል አንድ ሜትር ገባ ብሎ አጣና ያጋድም፣ ነጭ ጨርቅ ይሰርበት። አንድ እሁድ ይበቃል። ይህንንም "አቅም የለም" የሚል ሰው የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ለባለ ጋሪው፣ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖረው፣ ይህን ቁጣ አልሰነዝርም። እሱ ፈረሱን የሚያስረው ከቤቱ ደጃፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አጥርም የለውም። ቁጣዬ ገንዘብ እያለው፣ ፈረስን ለመዝናኛ እያከራየ፣ ሽቦ ለሚዘረጋው ነው።

አባ ዳኘው በሽቦ ውስጥ

እኛ እኮ ነገሥታቱንና የጦር አዛዦቹን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር ፈረሰኞች ሲያልፉ ስልካችንን አውጥተን እንቀርፃለን፤ "ያ የአድዋ ፈረስ!" እያልን እንለጥፋለን። አዊ ውስጥ ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን አስጊጦ ያወጣል፤ እዚያ ፈረስ የቤተሰብ አባል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክብሩ እንግዲህ አለን። የጎደለው ክብሩ ከበዓሉ ማግስት ምን እንደሚመስል ነው። ያጌጠው ፈረስ ኮርቻው ወርዶ፣ ልጓሙ ወልቆ የት ይገባል? በዓሉን በፎቶ፣ ማግስቱን በእሾህ ከሆነ ክብሩ ለፈረሱ አልነበረም ማለት ነው።

ስለዚህ ለእናንተ፣ ለከተማው ወጣቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። ብዙ አይደለም። ሰልፍ ውጡ፣ ማኅበር መሥርቱ አላልኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈረስ ልትከራዩ ስትሄዱ ኮርቻ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አጥሩን ሂዱና እዩ። የፈረሱን ደረት እዩ። ከጉልበቱ በታች እግሩን እዩ። ጠባሳ ካያችሁ "ይህ ምንድን ነው?" በሉ። "ራሱ ነው የገባበት" የሚል መልስ ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሳችሁ ለምን እንደመለሳችሁት ንገሩትና ሂዱ። አንድ ሰው ቢመለስ ይስቅባችኋል፤ አሥር ሰው ቢመለስ አናጢ ይጠራል። ነጋዴ ነውና ከስብከት ይልቅ ሂሳብ ይገባዋል።

ፈቃድ ለሚሰጡትም ቃል አለኝ። ሰው የሚጋለብበት ቦታ ሲከፈት መጸዳጃው ይታያል፣ ወጥ ቤቱ ይታያል። የፈረሱ ማደሪያ ለምን አይታይም? ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ አጥሩ ከምን ተሠራ? ፈረሱ ቴታነስ ተከትቧል? ማታ የት ያድራል? ይህን የሚመልስ ወረቀት ከፈቃዱ ጋር ቢያያዝ የሚጎዳ ሰው የለም።

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። እንጨቱም ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ ቆሟል። የቀረው ሽቦውን የሚጠቀልል እጅ ነው።

ቸር እንሰንብት።